ከዘፈን ቤት ወደ ቴአትር ቤት፤ የጭፈራ አዳራሾች ታሪክ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር

በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ከሚገኙት ሕንፃዎች መካከል አንዱ በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ስም ይጠራል። ንጉሡ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. ድረስ ለአምስት ዓመታት ያህል ብቻ የነገሡ ሲሆን፣ ስማቸውን ያስጠራው ሕንፃ የጦር ምሽግ ወይም የግብር አዳራሽ አይደለም፤ «የዘፈን ቤት» ነው። አባታቸው ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በቤተ መንግሥታቸው ጌጥ፣ ወንድማቸው ዐፄ በካፋ በሰፊው የግብር አዳራሻቸው ሲወሱ፣ ዳዊት የሚወሱት መንፈሳዊውም ሆነ ዓለማዊው ዜማ፣ ሽብሸባና ጭፈራ ይከናወንበት በነበረው በዚህ ቤት ነው። በነገሥታት ግቢ ውስጥ ለዚህ ተግባር ተብሎ የተለየ ቤት መታነጹ በአገራችን የሥነ ሕንፃ ታሪክ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ስለሆነ፣ ጎብኚ ሁሉ እንደዋዛ የሚያልፈውን ይህን ግንብ ቆም ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። «ዘፈን» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ በቃል የሚወጣውን ዜማ ብቻ የሚያመለክት ቢመስልም፣ በግእዝ «ዘፈነ» ማለት በእግርና በትከሻ መጫወትን፣ ማለትም መጨፈርንም ይጨምራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ግብዣ ላይ ያደረገችው ነገር በዚሁ ቃል የተነገረው ስለዚህ ነው፤ ልጅቱ ንጉሡን ያስደሰተችው በድምፅዋ ሳይሆን በውዝዋዜዋ ነበር። እንግዲህ የዳዊትን ቤት ለውጭ አገር ጎብኚዎች «የመዝሙር ቤት» ብሎ መተርጐም ግማሹን ነገር መተው ነው። ቤቱ በዘመኑ አነጋገር የጭፈራ አዳራሽ ነበር ቢባል ከእውነት አያርቅም።

በሌሎች አገሮች ያረጁ የጭፈራ አዳራሾችን አድሶ የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ማድረግ የተለመደ ሥራ ሆኗል። በአገራችንም የከተማ ፕላን አውጪዎችና የትምህርት ኃላፊዎች ያገለገለ አዳራሽ በእጃቸው ሲገባ ይኸው ሐሳብ ይመጣላቸዋል። ነገር ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ለመሐንዲሱ ነው፤ ጣራው ስንት ያስወጣል፣ ወንበር ስንት ይይዛል፣ መብራቱ ከየት ይገባል ይባላል። ለታሪክ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንዴት ይቆም ነበር? ወደ ቴአትር ቤትነት ሲለወጥስ ቆሞ የነበረው ሰው ምን ይሆናል?

በጣና ዙሪያ ያለው ልማድ ለመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። በዘጌ እንዳለው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በሦስት ክፍል የተከፈሉ ናቸው፤ መቅደሱ በመካከል፣ ቅድስቱ በዙሪያው፣ ቅኔ ማኅሌቱ ከሁሉም ውጪ ይገኛል። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ዝማሜውንና መረግዱን፣ ጽፋቱንና ወረቡን የሚያደርሱት በዚሁ በውጨኛው ክብ ውስጥ ነው። ይህ የአቋቋም ትምህርት ይባላል፤ ማስመስከሪያውም ከጥንት ጀምሮ የጎንደር በአታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዐት ከቶ ዘፈን አትለውም፤ ልዩነቱንም መጠበቅ ይገባል። ለሕንፃ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። በቅኔ ማኅሌት ውስጥ ተመልካችና ተጫዋች በመጋረጃ ወይም በከፍታ አልተለያዩም። ሊቃውንቱ ፊት ለፊት በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ምእመኑ አጠገባቸው ቆሞ በእልልታና በጭብጨባ ይሳተፋል።

ወደ ዓለማዊው ጨዋታ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጐላል። በሠርግ ዳስ ውስጥ እስክስታው የሚወርደው ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ባጨበጨበበት መካከል ነው፤ ወደ መካከል የገባው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይወጣና አጨብጫቢ ይሆናል፤ አጨብጫቢውም በተራው ይገባል። ከጣና በስተ ሰሜን በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባሉት የአዝማሪ መንደሮች ተወልዶ ያደገ ባለ ማሲንቆም በቤት ውስጥ ሲጫወት አንድ ቦታ አይተከልም። ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እንግዳው ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። የግጥሙ ደራሲ እንግዲህ ተቀምጦ የሚጠጣው ሰው ነው ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው ከተገኘማ ጨዋታው ወደ ሙግት ይለወጣል።

ይህን ቤት ቀላል የመጠጥ ቤት አድርገው ያዩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የፋሺስት ኢጣሊያ ሹማምንት ግን እንዲህ አላዩትም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጠንቋዮችና ዘዋሪ ዘፋኞች እየታደኑ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ወሬና ቅኔ ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚጓዘው በእነርሱ ቃል መሆኑን ጠላት ስለተረዳ ነው። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደያዘ ተቆጥሮ ሞተ። የአዝማሪን ቤት ከመዝናኛነት ያለፈ ቦታ ያለው መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ዘመናዊው ቴአትር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የራሱ ቤት አልነበረውም። ከሩሲያ ተምረው የተመለሱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ተረት ከማይጨው ጦርነት በፊት ለመኳንንቱና ለውጭ አገር ሰዎች የታየው በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል፣ ሰው ሊበላና ሊጫወት በሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር። ተረቱ የመንግሥቱን አሠራር ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እገዳ አገኘው። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ዕጣ አይደለም። በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1576 ለቴአትር ብቻ የታነጸው ታዋቂው ቤት ከመከፈቱ በፊት ተጫዋቾች በመጠጥና በማረፊያ ቤቶች ግቢ ይጫወቱ ነበር። ቴአትር በየአገሩ መጀመሪያ ጥገኛ ሆኖ የኖረው በጭፈራና በመጠጥ ቤት ጥላ ሥር ነው ለማለት ይቻላል።

ከሆቴሉ ቀጥሎ ቴአትርን ያስጠጋው ትምህርት ቤት ነው። መምህራን ይህን የታሪክ ምዕራፍ የራሳቸው አድርገው ሊቈጥሩት ይገባል። በጎጃም ደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ በምኒልክ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ በ1920ዎቹ ተውኔት እየጻፉ ለተማሪዎቻቸው ያስጠኑ ነበር፤ መምህር መላኩ በጎሰውም በዚያው ዘመን ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች፣ አዘጋጁ መምህር፣ መድረኩም የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። የዮፍታሔ ተውኔት በዜማና በግጥም የተሞላ መሆኑ የቅኔ ቤቱ አሻራ ነው። ከጣና ደቡብ ያለው የቅኔ አገር ለአዲስ አበባ መድረክ የሰጠው ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ትንሽ አይባልም።

የጭፈራ ቤት ወደ ቴአትር ቤትነት የተለወጠበት ዋናው የኢትዮጵያ ምሳሌ የሀገር ፍቅር ነው። በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ባንዣበበበት ወቅት በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ማንቃት ሲሆን፣ መሣሪያውም ንግግር፣ ክራር፣ ማሲንቆና ፉከራ ነበር። ወረራው ሥራውን አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ሲቋቋም፣ ማኅበሩ በፒያሳ አካባቢ የገባበትና እስከ ዛሬም በስሙ የሚታወቀው ቤት ቀደም ሲል ሰዎች የሚጠጡበትና የሚጨፍሩበት የምሽት መዝናኛ ክበብ የነበረ ነው። የባዕዳን የዳንስ ወለል የክራርና የማሲንቆ ቤት ሆነ። በድል ማግሥት ለነበረው ሕዝብ ይህ ለውጥ ምን ያህል ትርጉም እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

የተለወጠው ግን የቤቱ ባለቤት ብቻ አልነበረም። ወለሉ ላይ ወንበር ተደረደረ፤ በአንድ ወገን መድረክ ከፍ አለ፤ መጋረጃ ተሰቀለ። የአዝማሪው ልጅ ቆሞ መዞሩን ትቶ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞረ። ክብ የነበረው እስክስታ መስመር ሆነ፤ ጨዋታው እስኪበቃው የሚቀጥለው ሰው አሁን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነበረበት፤ ምክንያቱም ከእርሱ በኋላ አጭር ተውኔት፣ ከዚያም ሌላ ዘፈን ተራውን ይጠብቃል። ልብሱም አንድ ዓይነት ሆነ። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው፣ የጉራጌው ጭፈራ በአንድ ምሽት በአንድ መድረክ ላይ ተከታትሎ መታየት የጀመረው በዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ነው። ተመልካቹም ግጥም ሰጪ መሆኑ ቀረና ቲኬት ቈራጭ ሆነ።

ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት ብቻ መቊጠር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አዝማሪ በማኅበረሰቡ ዘንድ ሲናቅ የኖረ ሰው ነበር፤ በቴአትር ቤቱ ውስጥ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ስሙ ተጻፈ፤ «ከያኒ» ተባለ። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ገና በወጣትነቱ ሕዝብ ፊት የቆመው በዚሁ ቤት ነው። አስናቀች ወርቁ በክራርም በትወናም የታወቀችው በዚሁ ዘመን በተከፈቱት መድረኮች ነው። እንደ ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉ ደራስያንም በዜማና በተውኔት መካከል እየተመላለሱ የሠሩት ቤቱ ሁለቱንም ስላስተናገደ ነው። እንዲያውም ሀገር ፍቅር ዘፈንን ጨርሶ ከተውኔት አለመለየቱ የቀድሞው የጭፈራ ቤት ጠባይ በውስጡ እንደቀረ የሚያሳይ ይመስላል። የአውሮፓ ቴአትር ትምህርት የቀመሱ አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ይነቅፉታል፤ ነቀፋው ግን ልማዱን ካለማወቅ የሚመጣ ነው።

ሌሎቹን ቤቶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሲኒማ እንዲሆን ተጀምሮ የነበረው ሕንፃ ተስፋፍቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የመክፈቻው ተውኔትም የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። ሲኒማ ራስም እንዲሁ ከፊልም ቤትነት ወደ ራስ ቴአትርነት ተለውጧል። እነዚህ ግን ከሲኒማ የመጡ ናቸው፤ ሲኒማ ደግሞ ከመነሻው ሰው በረድፍ ተቀምጦ ወደ አንድ ወገን የሚመለከትበት ቤት ስለሆነ ለውጡ የሰውን አቋቋም አልነካም።

ለክፍለ ሀገሩ የሚቀርበው ልምድ የኪነት ቡድኖች ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ በክፍለ ሀገር ደረጃም የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የወሎው ላሊበላ ስመ ጥር ነበሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዘፈንና አጫጭር ድራማ ሕዝቡን ወደ ጣቢያዎቹ ለመሳብ ያገለገሉት በእነዚህ ቡድኖች አማካይነት ነው። በዚሁ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። የዘመኑ የፖለቲካ ጫና በሥራዎቹ ላይ ከባድ እንደነበረ አይካድም፤ ከመድረኩ የሚሰማው መፈክር ከግጥሙ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሆኖም አንድ የሚጠቅም ነገር ትተው አልፈዋል። የቀበሌው አዳራሽ ቀን የስብሰባ፣ ማታ የልምምድ፣ በበዓል ቀን ደግሞ የጭፈራ ቤት ነበር። ወንበሩ አግዳሚ ስለሆነ ይነሣል፤ ወለሉም ይከፈታል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቡድኖቹ ሲበተኑ ብዙዎቹ አዳራሾች ለሌላ ተግባር ዋሉ። የሰለጠኑት ልጆች ግን አልጠፉም፤ እንደ ይሁኔ በላይ ያሉ ድምፃውያን ከግሽ ዓባይ ወጥተው አገር አቀፍ ዝና አግኝተዋል።

ከቅርብ ዘመን ደግሞ የፈንድቃ ታሪክ አለ። በአዲስ አበባ በካዛንቺስ የነበረው ይህ አዝማሪ ቤት በአንድ ተወዛዋዥ ጥረት ተለውጧል። መላኩ በላይ በቤቱ ውስጥ ለዓመታት በሽልማት ገንዘብ እየጨፈረ ከኖረ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረከበ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበትና ሙዚቃ የሚቀርብበት የባህል ማዕከል አደረገው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ክፍል ጠባብና ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱ ነው። ተመልካቹ ከተወዛዋዡ ክንድ እምብዛም አይርቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው የከተማ ልማት ምክንያት ፈንድቃ ነባር ቦታውን ለቀቀ። የጎንደሩ የዘፈን ቤት ግድግዳው ቆሞ ዘፈኑ ሄደ፤ ፈንድቃ ግን ግድግዳው ሄዶ ዘፈኑ ሌላ ጣራ ፈለገ። በሁለቱ መካከል ሀገር ፍቅር ይገኛል።

ባሕር ዳርስ? ከተማዋ በ1950ዎቹ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም፣ በ1965 ዓ.ም. በተቋቋመው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ያደገች አዲስ ከተማ ናት። እንደ ጎንደር ያለ የነገሥታት የዘፈን ግንብ የላትም። ያላት የሐይቁ ዳርቻ፣ የሠርጉ ዳስ፣ የጊዮርጊስ ቅኔ ማኅሌት፣ የአዝማሪ ቤቶችና በዘመናዊ መንገድ የተሠሩ አዳራሾች ናቸው። ዋናው የመድረክ ሥራ የሚቀርበው በሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሲሆን፣ ይኸው አዳራሽ ለጉባኤና ለስብሰባም ያገለግላል። የከተማዋ ስፋት ግን ከአንድ አዳራሽ በላይ ይጠይቃል። ያገለገለ የመዝናኛ ክበብ ወይም የሆቴል አዳራሽ ወደ ማኅበረሰብ ቴአትርነት ይለወጥ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ እንግዳ ነገር ሆኖ መታየት የለበትም።

እዚህ ላይ ሕንፃው ራሱ የሚናገረውን መስማት ያስፈልጋል። የድንጋይ ወይም የልስን ግድግዳና ከፍ ያለ ጣራ ያለው ባዶ አዳራሽ ድምፅን ያስተጋባል። ለዜማ ይህ ማስተጋባት መልካም ነው፤ ድምፁን ያሞላዋል። ለንግግር ግን ጠላት ነው፤ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይወድቅና ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ የተዋናዩን ቃል አይሰማም። ስለሆነም ለዘፈን የተመቸ ቤት ሁሉ ለተውኔት ይመቻል ማለት አይደለም። በጨርቅ መጋረጃ፣ በእንጨትና በሰሌን ማስተጋባቱን መቀነስ ይቻላል፤ እነዚህም በአካባቢው ገበያ የሚገኙ ናቸው። በሌላ በኩል የማሲንቆ አንዲት የጭራ ክር የምታወጣው ድምፅ ትንሽ ስለሆነ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ በሰፊ አዳራሽ መጨረሻ ላይ ላለ ሰው ላይደርስ ይችላል። የጥንቱ አዝማሪ እየዞረ መጫወቱ ጨዋታውን ከማሳመር ሌላ ይህን ችግር የሚፈታ ጥበብ ነበር።

ግድግዳው በኖራ የተሠራ አሮጌ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶ መለሰን አደገኛ ነው። ኖራ እርጥበትን ይቀበላል፤ መልሶም ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ቀስ በቀስም ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። በጎንደር ግንቦች ላይ በወረራው ዘመን የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ይህን ጉዳት ስላስከተለ፣ ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊት በነበሩት ዓመታት የተካሄደው እድሳት ወደ ኖራ ለመመለስ ጥሯል። በሐይቅ ዳር፣ እርጥበት በማይጠፋበት ከተማ፣ ይህ ልምድ ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የወለሉ ጉዳይ ነው። መሐንዲሱ ወለሉን ወደ መድረኩ እያዘነበለ በሲሚንቶ ቢሠራውና ወንበሮቹን በቡሎን ቢያስር፣ ሁሉም ሰው በደንብ ያያል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ክብ ሠርቶ አያጨበጭብም። ወለሉ ለጥ ብሎ ቢቀርና አግዳሚዎቹ ተንቀሳቃሽ ቢሆኑ ግን፣ ቅዳሜ ተውኔት የታየበት ቤት እሑድ የሠርግ ጨዋታ ሊያስተናግድ፣ በሳምንቱም የትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ሊለማመድበት ይችላል። የእይታው ጉዳይ መድረኩን በመጠኑ ከፍ በማድረግና ተመልካቹን በሦስት ወገን በማስቀመጥ ይቃለላል። ይህ ዓይነቱ አቀማመጥ ወጪው አነስተኛ ነው። በወላጆች ቀን ዝግጅት ተማሪዎች በሜዳ ላይ ሲጫወቱ ሕዝቡ ሳይነገረው የሚቆመውም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በአካባቢው ሲታቀድ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ሊገቡበት የሚችሉት በር ጠባብ አይደለም። የሕንፃ ሥዕል ማንሣት የመሐንዲሱ ድርሻ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ማጠናቀር ግን የታሪክና የአማርኛ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉት ነው። በዚያ ቤት የጨፈሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ገና በሕይወት አሉ። ባለ ማሲንቆው በየትኛው በር ይገባ እንደነበር፣ ሴቶች በየት ወገን ይቀመጡ እንደነበር፣ ግጥም የሚሰጡት እነማን እንደነበሩ፣ በዐቢይ ጾም ቤቱ ምን ይሠራበት እንደነበር፣ እስክስታው ሲደራ የትኛው አግዳሚ ይነሣ እንደነበር ያውቃሉ። ይህ ተጽፎ ወለሉ ከመቆፈሩ በፊት ከሕንፃው ሥዕል ጋር በአንድ መዝገብ ውስጥ ቢቀመጥ፣ አናጢው የመጀመሪያውን አግዳሚ የት እንደሚያኖር ያውቃል።